ስንቁ አስቀድሞ ይሰጥ

ከካርቱም የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ
ኅዳር 2018 ዓ.ም.

ለመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች የክረምት ምርምር ዕድል ለምትሰጡ ጽሕፈት ቤቶች ሁሉ፣
ይልቁንም በጎንደርና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲዎች የምርምሩን ሥራ ለምትመሩ ክቡራንና ክቡራት፣

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ ለመጻፍ ያነሣሣኝ የአንድ ሰው የግል አቤቱታ አለመሆኑን አስቀድሜ ለማስታወቅ እወዳለሁ። በካርቱም ከሚኖሩት ኢትዮጵያውያን መካከል ለብዙ ዘመን ሒሳብና የተፈጥሮ ሳይንስ ሳስተምር የኖርሁ ሰው እንደ መሆኔ መጠን፣ ከእጄ ወጥተው ወደ ዩኒቨርሲቲ የገቡት ልጆች በየዓመቱ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ማመልከቻቸውን ይዘው፣ የእንግሊዝኛውን አንቀጽ እንዳቃናላቸው፣ የዓላማ መግለጫቸውንም አንብቤ የጎደለውን እንድነግራቸው ወደ ቤቴ ይመጣሉ፤ እኔም ወረቀታቸውን ተራ በተራ ስመለከት የታዘብሁት ነገር ቢኖር፣ ዕውቀት አንሷቸው ከሚቀሩት ይልቅ የመንገድ ገንዘብ አጥተው የሚቀሩት የሚበዙ መሆናቸውን ነው።

የክረምት ምርምር ዕድል ምን እንደ ሆነ ለማያውቀው አንባቢ ላስረዳ። የመጀመሪያ ዲግሪውን ገና ያልጨረሰ ተማሪ ትምህርት በሚዘጋበት በክረምቱ ወራት ከአንድ ሊቅ ቤተ ሙከራ ገብቶ፣ በመጽሐፍ ያነበበውን በእጁ እየዳሰሰ፣ መልስ ያልተገኘለትን ጥያቄ መመርመር ምን ማለት እንደ ሆነ እንዲማር፣ የመኝታውን፣ የምግቡንና የመንገዱን ወጪ ሌላ ወገን የሚችልለት ሥርዓት ነው። በጄኔቭ አጠገብ ያለው ሰርን የተባለው የአውሮፓ የኑክሌር ምርምር ድርጅት ከ1962 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ወጣቶችን በዚህ ዓይነት ሲቀበል ኖሯል፤ ከእኛ በቀይ ባሕር ማዶ በቱዋል የሚገኘው የንጉሥ አብዱላህ የሳይንስና የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲም ከልዩ ልዩ አገር የሚመጡ ተማሪዎችን የወር አበል፣ ማደሪያና የአውሮፕላን ቲኬት ሰጥቶ ለጥቂት ወራት ከመምህራኑ ጋር ያሠራቸዋል። በእነዚህ ወራት የሚገኘው ትሩፋት ከትምህርቱም ያልፋል፤ ምክንያቱም ተማሪውን በሥራ ላይ ያየው ሊቅ የሚጽፍለት ምስክርነት፣ ወደ ሁለተኛና ወደ ሦስተኛ ዲግሪ በሚያመለክትበት ጊዜ ከማንኛውም ማዕረግ ይልቅ የሚታመን ሰነድ ይሆንለታል።

ይሁን እንጂ በሮቹ ሁሉ ለሁሉ የተከፈቱ አይደሉም። በአሜሪካ የብሔራዊ ሳይንስ ፋውንዴሽን ገንዘብ የሚካሄደው ሰፊው የክረምት ምርምር ፕሮግራም የሚቀበለው የአገሩን ዜጎችና ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ ያላቸውን ሲሆን፣ በጀርመን የልውውጥ አገልግሎት በኩል የሚሰጠው ራይዝ የተባለው ዕድል ደግሞ የሰሜን አሜሪካን፣ የብሪታንያንና የአየርላንድን ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎች ይመለከታል። ከሕዝብ ግብር የወጣ ገንዘብ በሕዝቡ ሕግ ቢወሰን የሚያስነቅፍ አይደለምና በዚህ ላይ የምናገረው የለኝም። የእኔ ነገር የሚጀምረው ለሁሉ ክፍት ናቸው ከተባሉት ጥቂት በሮች ደጃፍ ላይ ነው።

በብዙዎቹ ማስታወቂያዎች ላይ ወጪው ሙሉ በሙሉ ይሸፈናል የሚል ቃል በደማቁ ተጽፎ ይነበባል፤ ወደ ታች ወርዶ ለተመለከተው ግን፣ የቲኬቱ ገንዘብ የሚከፈለው ተማሪው በራሱ ገንዘብ ገዝቶ፣ ሄዶ፣ ከደረሰ በኋላ ደረሰኙን ሲያቀርብ መሆኑን፣ የቪዛውን ክፍያ ደግሞ ራሱ የሚችል መሆኑን ያገኘዋል። ይህ ደንብ አባቱ ደመወዝተኛ ለሆነ፣ የባንክ ካርድም በኪሱ ለያዘ የአውሮፓ ልጅ የጥቂት ሳምንት ብድር ቢሆን ነው፤ በካርቱም ዴም ሰፈር በአንድ ክፍል ውስጥ ከእናቱና ከእኅቶቹ ጋር ለሚኖር፣ እናቱም በመንገድ ዳር ሻይ አፍልታ ለምታሳድገው ልጅ ግን የተዘጋ በር ነው። በዚህ ላይ አሜሪካ በሱዳን ላይ ከ1997 እስከ 2017 እ.ኤ.አ. የጣለችው የኢኮኖሚ ማዕቀብ ከተነሣ በኋላ እንኳ ባንኮቻችን ከዓለም ባንኮች ጋር እንደሚገባ ሳይገናኙ በ2015 ዓ.ም. የፈነዳው ጦርነት ስለ ደረሰብን፣ ገንዘቡን ያገኘ ሰው ራሱ የማመልከቻ ክፍያውን ከዚህ ከተማ በካርድ ለመክፈል አይችልም፤ በሪያድ ወይም በዱባይ ያለ ዘመድ ፈልጎ፣ ገንዘቡን በሐዋላ አሻግሮ፣ በሰው ካርድ ማስከፈል አለበት። ኤምባሲዎቹም ከካርቱም ከወጡ ወዲህ ለቪዛ ጥያቄ ወደ ሌላ አገር መሻገር ግድ ስለ ሆነ፣ አንዱ ጉዞ ሁለት ጉዞ ሆኗል።

ነገሩ በሥዕል እንዲታይ የአንዲትን ልጅ ታሪክ ላቅርብ፤ ስሟን ግን አልጽፍም። ከኢትዮጵያውያን ወላጆች በካርቱም ተወልዳ፣ የላቦራቶሪ ሳይንስ ሦስተኛ ዓመት ላይ ሳለች ጦርነቱ ደርሶባት ከቤተ ሰቧ ጋር በምሥራቅ ሱዳን ወዳለው ወደ ገዳሪፍ ተሰደደች። በዚያም ሥራ ፈትታ አልተቀመጠችም፤ የካላ አዛርን በሽታ የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ በዋልካው መሬት ስንጥቅ ውስጥ፣ በግራርና በበደኖ ዛፎች ሥር እንደምትኖር ተምራ ነበርና፣ ከደብተሯ ቅጠል ገንጥላ፣ የጉሎ ዘይት ግራና ቀኝ ቀብታ፣ በቀጭን እንጨት ላይ እየሰካች ማታ በስንጥቁ አፍ ታቆመዋለች፤ ጧት በወረቀቱ ላይ የተጣበቁትን ዝንቦች በትንሽ ብሩሽ እያነሣች፣ ዘይቱን አጥባ፣ በአልኮል ውስጥ አኑራ፣ ቀኑንና ቦታውን በእርሳስ ትጽፍ ነበር። ይህ የወረቀት ወጥመድ የሙያው ሊቃውንት ከጥንት ጀምሮ የሚጠቀሙበት ነው፤ እርስዋ ግን ያለ መምህርና ያለ ማጉያ መነጽር ነበር የምትሠራው። የዓላማ መግለጫዋን ባነበብሁ ጊዜ ያቀናሁት ሰዋስው ብቻ ነበር፤ አሳቡ ምንም አልጎደለውም።

ያቺ ልጅ አመለከተች፤ ስሙን ከማልጠራው ከአንድ የባሕር ማዶ ተቋም ተቀባይነት ማግኘቷን የሚያበሥር ደብዳቤ ደረሳት። ደብዳቤው ቲኬቱን ገዝታ እንድትመጣ፣ ገንዘቡም በኋላ እንደሚመለስላት ይናገራል። እኛም የካርቱም ኢትዮጵያውያን በማኅበራችን ያለውን አሰባሰብን፤ ነገር ግን ያ ወራት እያንዳንዱ ቤተ ሰብ ወገኑን ከጥይት ለማሸሽ ለመኪና የሚከፍለውን ያጣበት ወራት ነበርና፣ የተሰበሰበው ከዋጋው ሳይደርስ ቀኑ አለፈ። ገንዘቡ አስቀድሞ እንዲላክላት ብትጽፍም የተመለሰላት ቃል ደንቡ አይፈቅድም የሚል ሆኖ፣ ቦታው ለተከታዩ አመልካች ተሰጠ። እንዲህ ያለው ደንብ መልካም ሥራ ለመሥራት በተነሡ ሰዎች እጅ የተጻፈ መሆኑን አምናለሁ፤ ሆኖም ደሀውን ከባለጸጋው የሚለየው በአእምሮው ሳይሆን በኪሱ ስለ ሆነ፣ ይለወጥ ዘንድ በግልጽ እጠይቃለሁ።

ስንቅ አስቀድሞ መሰጠት እንዳለበት አባቶቻችን በሚገባ ያውቁት ነበር። የቆሎ ተማሪ ከጎጃም ወደ ጎንደር፣ ከዜማ ቤት ወደ ቅኔ ቤት ሲሻገር በየደረሰበት አገር ሕዝቡ ቁራሽ የሚሰጠው ገና በመማር ላይ ሳለ ነው እንጂ ተምሮ እስኪመረቅ ድረስ ጠብቆ አይደለም፤ ይህም ልማድ ደሀ ሆነው የወጡ ስንት ሊቃውንትን ለቤተ ክርስቲያን አስገኝቷል።

የምለምንላቸው ልጆች የሚመጡባት ካርቱምም ለሳይንስ ምርምር እንግዳ ከተማ አይደለችም። በ1902 እ.ኤ.አ. በተከፈተው በጎርደን መታሰቢያ ኮሌጅ ውስጥ በዓመቱ የዌልካም የሐሩር አገር ምርምር ቤተ ሙከራ ተቋቁሞ፣ የመጀመሪያው ሹም ዶክተር አንድሩ ባልፎር ትንኞችንና የውሃ ጥራትን ሲመረምር ከቆየ በኋላ፣ በ1907 ደግሞ በዓባይ ላይ በመርከብ እየተጎተተ እስከ ደቡቡ ወንዝ ዳር ድረስ የሚሄድ ተንሳፋፊ ቤተ ሙከራ ተሠራ፤ ያ ኮሌጅም አድጎ በ1956 እ.ኤ.አ. የካርቱም ዩኒቨርሲቲ ሆነ። በጣልያን ወረራ ዘመን ማብቂያ ላይ ስደተኞች የኢትዮጵያ ወጣቶች ለአገራቸው ነጻነት የጦር ትምህርት የተማሩባት የካርቱሟ ሶባ፣ በኋላ ዘመን የዚሁ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የቆመባት፣ በ1991 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የማይሴቶማ ምርምር ማእከልም በእሾህ ቁስል እየገባ የገበሬውን እግር የሚበላውን በሽታ ለዓለም ሁሉ ያስተማረባት ስፍራ ሆነች። የገጠሩ ሰው በባዶ እግሩ የሚያርስበት አገር ሁሉ፣ የእኛም ቆላ ጭምር፣ ለዚህ ማእከል ባለ ዕዳ ነው።

ኢትዮጵያንና ሱዳንን ከሁሉ ይልቅ የሚያስተሳስረው ግን ያው ካላ አዛር ነው። ከጎንደር ደጋ ሰሊጥ ለማጨድ ወደ መተማና ወደ ሑመራ ቆላ የሚወርደው የቀን ሠራተኛ፣ ከወሰኑ ማዶ በገዳሪፍ እርሻ የሚውለው ሱዳናዊም፣ በአንድ ዓይነት ዝንብ ተነድፈው በአንድ ዓይነት ትኩሳት ይነድዳሉ፤ ጣፊያቸው ያብጣል፣ ሰውነታቸው ይከሳል፣ ካልታከሙም ይሞታሉ። በዚህ ምክንያት በ2003 እ.ኤ.አ. የምሥራቅ አፍሪካ የሌይሽማንያ ተመራማሪዎች ማኅበር በዚሁ በካርቱም ተመሥርቶ፣ የሱዳን፣ የኢትዮጵያ፣ የኬንያና የኡጋንዳ ሐኪሞች በአንድነት ባደረጉት ጥናት፣ ሕመምተኛው 30 ቀን ሙሉ በየዕለቱ ይወጋ የነበረውን መድኃኒት ከሌላ መድኃኒት ጋር አጣምሮ በ17 ቀን መጨረስ እንደሚቻል አረጋገጡ። ከጥናቱ ስፍራዎች አንዱ ጎንደር ነበረ። ለአንድ የጎንደር ገበሬ አሥራ ሦስት ቀን ከሆስፒታል አልጋ ቀድሞ መነሣት በአዝመራ ጊዜ ምን ማለት እንደ ሆነ ያገሩ ሰው ያውቀዋል። ይህን ያህል ፍሬ ያፈራው የሁለት አገር ሊቃውንት መተባበር ነው፤ የነገዎቹ ሊቃውንት ግን ዛሬ የሦስተኛ ዓመት ተማሪዎች ናቸውና፣ ካሁኑ ካልተዋወቁ ነገ ማን ይተካቸዋል?

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ቅዳሜ፣ እኛ በቀዳም ሥዑር ጾም ላይ ሆነን በዓለ ትንሣኤን በምንጠባበቅበት፣ ሙስሊሞች ጎረቤቶቻችንም የረመዳንን ጾም ለመፈጸም ጥቂት ቀን በቀራቸው ዕለት የጦርነቱ ተኩስ በካርቱም ተከፈተ። ከዚያ ወዲህ የሆነውን ዓለም ስለ ሰማው አልዘረዝረውም። ለዚህ ደብዳቤ የሚያስፈልገው ይህ ነው፤ በኦምዱርማን አህልያ ዩኒቨርሲቲ የመሐመድ ዑመር በሺር የሱዳን ጥናት ማእከል መጻሕፍት ተቃጠሉ፤ የማይሴቶማው ማእከል ፈርሶ፣ መሥራቹ ፕሮፌሰር አሕመድ ፋሐል እንደ ተናገሩት፣ ከአርባ ዓመት በላይ የተከማቸ መረጃና ናሙና ጠፋ። የሊቃውንቱ መዝገብ እንዲህ ከሆነ፣ የአንድ ተማሪ የነጥብ መዝገብ ምን ይሆናል? ብዙዎቹ ልጆች በእጃቸው የቀረው ከጦርነቱ በፊት በስልክ ያነሡት የትራንስክሪፕት ፎቶግራፍ ነው፤ ማኅተሙ በግማሽ የሚታይ፣ የአንዱ ኮርስ ስም በጣት ጥላ የተሸፈነ። ጽሕፈት ቤቶች ግን በታሸገ ፖስታ፣ ወይም ከሬጅስትራሩ በቀጥታ የተላከ ካልሆነ አንቀበልም ይላሉ፤ ሬጅስትራሩ ደግሞ የት እንደ ተሰደደ የሚያውቅ የለም።

ስለዚህ ለባሕር ማዶ ጽሕፈት ቤቶች የማቀርበው ልመና ቀላል ነው። ተማሪውን ከመረጣችሁት በኋላ ቲኬቱን ራሳችሁ ገዝታችሁ ላኩለት፤ ይህ ከእናንተ ሣጥን አንዲት ሳንቲም አይጨምርባችሁም፤ የሚከፈልበትን ቀን ብቻ ይለውጠዋል። ከጦርነት አገር ለሚመጣ አመልካች በስልክ የተነሣውን ሰነድ ለጊዜው ተቀብላችሁ፣ ዋናውን እስኪያመጣ ድረስ የሚያስተምረው መምህር በቃል እንዲመሰክርለት ፍቀዱ። በስደተኝነት ለሚኖረውም በ1951 እ.ኤ.አ. የስደተኞች ስምምነት አንቀጽ 28 መሠረት የሚሰጠው የጉዞ ሰነድ እንደ ፓስፖርት እንዲቆጠር በቅጻችሁ ላይ ቦታ ክፈቱለት፤ የፓስፖርት ቁጥር ካልተሞላ ወደሚቀጥለው ገጽ የማያሳልፍ ቅጽ አይቻለሁና። የጀርመን መንግሥትና የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽነር ከ1992 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዳፊ በተባለው የነጻ ትምህርት ዕድል ስደተኛ ወጣቶችን በተሰደዱበት አገር ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምሩ መኖራቸው ስደተኛ ማስተማር የሚቻል መሆኑን አሳይቷል፤ ዳፊ ያስተማረውን ልጅ የምርምር ቤቶች በክረምት ቢቀበሉት ደግሞ ሥራው ሙሉ ይሆናል።

  

አሁን ወደ ጎንደርና ወደ አዲስ አበባ ልመለስ፤ ከሁሉ ይልቅ ተስፋዬ ያለው በዚያ ነውና። የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በ1954 እ.ኤ.አ. ከተቋቋመ ጀምሮ ተማሪዎቹን በቡድን ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ እየላከ ያስተምር የነበረ በመሆኑ፣ ወጣትን ወደ በሽታው ስፍራ አውጥቶ ማሠራት ለዚያ ቤት አዲስ ትምህርት አይሆንበትም። በአዲስ አበባ ደግሞ በስማቸው የሚጠራው የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት መሥራች ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. በዐድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ተንሳፍፈው አይተው፣ ከዚያች አንዲት ትዝብት ተነሥተው በቀንድ አውጣ የሚተላለፈውን ቢልሃርዝያን በአገር ተክል ለመከላከል የሚያስችል ጥናት አስገኝተዋል። ወንዙ ዳር የሚያደርሰው ያጣ ወጣት ግን እንዲህ ያለውን ነገር ሊያይ አይችልም። የአፍሪካን ልጆች ተቀብሎ ማስተማርም ለአገራችን እንግዳ ነገር አልነበረም፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከ1958 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለአፍሪካ ተማሪዎች በኢትዮጵያ የነጻ ትምህርት ዕድል ሰጥተው ከብዙ አገር የመጡ ወጣቶች በአዲስ አበባ ተምረዋል።

እንግዲህ የምለምነው ይህ ነው፤ ሁለቱ ዩኒቨርሲቲዎች ከሚመጣው ክረምት ጀምሮ፣ ቁጥሩ ጥቂትም ቢሆን፣ ጦርነቱ ትምህርታቸውን ላቋረጠባቸው የካርቱም ተማሪዎች፣ ለኢትዮጵያውያንም ለሱዳናውያንም ሳይለዩ፣ በካላ አዛር፣ በወባና በመሰሎቹ በሽታዎች ምርምር ላይ የስምንት ሳምንት ቦታ ይክፈቱላቸው። በመተማ በኩል ያለው መንገድ ጸጥታው ካልፈቀደ በአውሮፕላን አዲስ አበባ ይድረሱ። ማደሪያው በክረምት ባዶ የሚሆነው የተማሪዎች መኝታ ቤት ይበቃል፤ ምግቡም የተማሪው ምግብ ቢሆን ማንም አያጉረመርምም። ብዙ ገንዘብ የሚያስፈልገው ለመንገዱ ብቻ ነው፤ ለዚህም በሪያድ፣ በካይሮ፣ በዋሽንግተንና በሌላውም አገር የሚኖሩ ከካርቱም የወጡ ወገኖቻችን የአንዳንድ ልጅ ቲኬት ለመቻል ፈቃደኞች እንደሚሆኑ፣ ተጠይቀው እንቢ ሲሉ አይቻቸው ስለማላውቅ፣ በእርግጠኝነት እናገራለሁ። አንድ ነገር ብቻ አጥብቄ አሳስባለሁ፤ ቲኬቱ ከመንገዱ በፊት በተማሪው እጅ ይግባ።

ያቺ የገዳሪፍ ልጅ ትምህርቷን በኢንተርኔት እየተከታተለች አራተኛ ዓመት ደርሳለች፤ ዝንቦቿም በስያሜያቸው ተለይተው የሚታዩበት ማጉያ መነጽር እየጠበቁ በጠርሙስ ውስጥ ይገኛሉ። እርስዋን የመሰሉ ሌሎችም ማመልከቻቸውን አዘጋጅተዋል። ማስታወቂያችሁን ከጥምቀት በፊት አውጡልን።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
በካርቱም የሚኖር ኢትዮጵያዊ መምህር